ሳይጠሩት የሚያድግ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ከስፌት መኪናው ስትነሺ አሁንም ይይዝሻል? ዓይንሽስ፣ ክር ለማስገባት ልጅሽን መጥራት ጀመርሽ ወይስ ኩራትሽ አልፈቅድ አለ? ባለቤትሽ ሳሉ ለቀቀው? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም።

ዛሬ እሑድ ነው። ልብሴን አጥቤ ሳሰጣ ያ የድንጋይ አጥራችን ትዝ አለኝ። አንቺ ከላዩ ወድቀሽ ጉልበትሽ ተልጦ፣ እኔ ካንቺ ብሼ ስጮህ፣ እናታችን ወጥታ ሁለታችንንም አየችና «የወደቀችው የትኛዋ ናት?» ብላ ሳቀች። ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አሰረችልሽ። ኋላ ሲያሳክክሽ ልትፈቺው ስትይ «ተይው፣ ሥራ ላይ ነው» አለችሽ። እኔም ጨርቁ ሥር ሠራተኛ ያለ መስሎኝ ጆሮዬን ጉልበትሽ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። በእርግጫ አባረርሽኝ፤ አልረሳሁትም።

እናታችን ግን እውነቷን ኖሯል። ያወቅኩት እዚህ፣ ሥራ ቦታ ነው። የምሠራበት ክፍል ውስጥ የሰውነት ሕዋሳትን በትንንሽ ሳህን፣ ሮዝ በመሰለ ውኃ ውስጥ ያሳድጋሉ። እኔ ጠርሙሱን አጥባለሁ፣ በእንፋሎት እቀቅላለሁ፣ የሚጣለውን እጥላለሁ። የምታሠራን ተመራማሪ «መነጽር» ነው ስሟ በኛ ዘንድ፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ጠፋኝ ብላ ክፍሉን ሁሉ ታስበረብረናለች። የሚጣል ወረቀት እያነሣሁ ሳነብ ስላየችኝ፣ ያልገባኝን ሳትሰለች ታስረዳኛለች። ገባሽ ስትለኝ አዎ እላለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ እጠይቃታለሁ።

ለሕዋሳቱ በሚሰጠው ውኃ ውስጥ ከደም የተጣራ ፈሳሽ አለበት፤ «እደጉ» የሚለው መልእክት ያለው በሱ ነው። ሰሞኑን እሱን ነሣቻቸው። «ምን አጥፍተው ነው በረሃብ የምትቀጫቸው?» ብላት፣ «ጭጭ እንዲሉልኝ ነው። ሳይጠራ የሚነሣው ማን እንደሆነ ልይ» አለችኝ። ከቀናት በኋላ «ነይ፣ የተራቡ ልጆችሽን እዪ» ብላ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። በአንዱ ሳህን ያሉት ተራርቀው፣ እንደተወቻቸው ተኝተዋል። ሌላው ሳህን ላይ ያሉት ግን አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ተከምረዋል። እነዚህን ማን አበላቸው አልኳት። «ማንም። የቫይረስ ትእዛዝ አስገብቼባቸዋለሁ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እታለም። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከእናት ካባት የወረስነው ትእዛዝ ሁሉ አለ፤ ዘረ መል የሚሉት እሱን ነው። አብዛኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚኖረው። ሰውነት ሲቆስል ደሙ «ድረሱ!» የሚል መልእክት ያመጣል። የተኙት ትእዛዞች ይነቃሉ፣ ሕዋሱ ይባዛል፣ ቁስሉ ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ፣ እሳት እንዳጠፋ ጎረቤት፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ያ ቫይረስ ግን እሳት በሌለበት ይጮሃል። የሚነቁትም ብዙዎቹ ቁስል የሚቀሰቅሳቸው እነዚያው ናቸው፤ በቃ የሚላቸው ግን የለም። የመነጽር ሥራ በሁለቱም ጥሪ የሚነቁት የትኞቹ እንደሆኑ መለየት ነው።

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሣ እናታችን ፊቴ ድቅን አለች። እህል እምቢ ብሏት፣ አንቺ የላላባትን ቀሚስ በመርፌ ደጋግመሽ ስታጠቢላት። እሷ እየከሳች በውስጧ አንድ ነገር ሳይበላ ሲያድግ። ሰዉ ሁሉ «የዘር ነው» አለ፤ አንቺም እስከ ዛሬ «የእናቴ ዕጣ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል» ትያለሽ። እኔም ስፈራው ነው የኖርኩት። ስለዚህ የእናታችንን ነገር መነጽርን ጠየቅኋት። የገደላት የማኅፀን በር ካንሰር ከሆነ፣ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚነሣው ከቫይረስ ነው፣ ከእናት ለልጅ እንደ መልክ የሚወረስ አይደለም አለችኝ። ብዙ ሴት ሳታውቅ ቫይረሱ ይይዛታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃታል። ነውርም እርግማንም አይደለም። የቆየው ነው ዓመታት ፈጅቶ የሚከፋው፤ ቀድሞ ከተገኘ ግን ይወገዳል።

እንግዲህ አትቆጪ። ልጅሽ በስልክ ነግራኛለች። የወር አበባሽ ከቆመ ስንት ጊዜው፣ አሁን ደም ታያለሽ አሉ። ሰው ሳይነሣ ልብስሽን ታጥቢያለሽ አሉ። እናታችንም እንዲሁ ታጥብ ነበር፤ እኔና አንቺ ደግሞ የውኃውን ድምፅ እየሰማን በደስታ እንተኛ ነበር፣ እናታችን ተሽሏት ተነሥታለች ብለን። ልጅሽ ግን አልተኛችም።

ያ በሽታ ነው አልልሽም። ከዚህ ሆነን እኔም መነጽርም አናውቅም፤ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው። «ወንድ ሐኪም ፊት አልተኛም» ብለሻል አሉ። ልጅሽ ሄዳ ጠይቃለች፣ የምታየው ነርስ ሴት ናት። «ዩኒፎርሙን ሳላደርስ» ብለሻልም አሉ። ይቆይ! ልጆቹ ባሮጌው ይማሩ፤ ትምህርት ባዲስ ልብስ አይገባም። እታለም፣ እናታችንን ሳንለምናት ነው የሄደችብን፤ ምን ብለን እንደምንለምን አናውቅም ነበር። አንቺን ግን እየለመንኩሽ ነው።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ ይህ ከደረሰሽ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ታክሲውን ሰው ሳይጭንበት ላንቺ ያስነሣ። መንገድ ላይ በነዳጁ አትጨቅጭቂው። ለልጄ፣ ለልጅሽ፣ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ነገር አመላላሽ እንዳትያት፣ እጅሽን ይዛ እስከ ውስጥ ትግባ። ፊት ለፊታችን ላሉት እማማ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ የስፌት ቤቱን ቁልፍ ለሳቸው ስጪ።

ላንቺ ስንብት አልጽፍም። ከሐኪም ቤት ስትወጪ፣ የተባልሽው ምንም ይሁን ምን፣ እዚያው በሩ ላይ ቆመሽ ደውዪልኝ። ያኔ ሰላምታሽን በአፌ እሰጥሻለሁ።

ታናሽሽ

ከአራተኛ ፎቅ ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር፤
በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀትር በኋላ