ሜዳው ላይ የተሰጣው ቡና

ቦንጋ፣ ማክሰኞ ጥር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአፀደ ሀብተ ማርያም
ቢታ ገነት

ጥፋተኛው የኮሌጁ ዘበኛ አስፋው ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ ኋላ እጄ ሲዝል እንዳይቀርብኝ። የጓሮውን በር የከፈተው እሱ ነው፤ ግምገማው ላይ ቆሞ «በሩ ተቆልፎ ነበር» ያለውም እሱ ነው። ሌላ ጥፋተኛ ቢኖር እንኳ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

እንዴት ከርመሻል ልጄ? ደረትሽስ? ቢታ ዝናቡ አያባራም ይሉኛል። የላክሁልሽን ጋቢ እየለበስሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለሌላ ሰው ሰጠሽው? ሹፌሩን ተስፋሁንን በመጣ ቁጥር መኪናው ድረስ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

«ደህና ናት እትዬ» ይለኛል።

«ምን አለችህ?»

«ደህና ነኝ አለች።»

«ከስታለች?»

«እኔ ሚዛን ነኝ እንዴ እትዬ?» ብሎ ይስቃል።

ለእሱ ሳቅ ነው። ከሄድሽ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ቀንሽ ነው፤ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም። ማንበብ እንደቻልኩ እያወቅሽ።

ልቤ የማያርፈው በሰኞ ነው። ጥር 14 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጉዳይሽን ይጨርሳል። አንቺ ግን «አልቀርብም፣ የምጨምረው የለኝም» ብለሽ እንደጻፍሽላቸው ሰምቻለሁ። ክሱ «የመንግሥትን ንብረት ለግል ጥቅም ማዋል» ነው የሚለው። ይህ ከጸደቀ ከኮሌጁ መባረር ብቻ አይደለም፤ በዚህ ክልል ሌላ መሥሪያ ቤትም አይቀጥርሽም። የክልሉን ኮሌጆች የሴቶች ምርጥ ቡድን በቅርጫት ኳስ እንድታሠለጥኚ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የመጣልሽ ገና በጥቅምት ነበር። አሁን ለዚያ ለእግር ኳሱ መምህር ሊሰጡት ነው አሉ። ሰውየው ያንቺን ልጆች ሜዳውን አሥር ዙር ያስሮጣቸውና እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል። በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኔ ይህን ሥራሽን ወድጄው አላውቅም። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ተያት ትጫወት» ሲል እንቢ ያልኩት እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ተምረሽ በዘጠና ዓመተ ምሕረት ስትመለሺ እንደ ሰው ልጅ የሒሳብ መምህር ትሆናለች ብዬ ስጠብቅ ፊሽካ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ መጣሽ። ሜዳው ያኔ ሣር ነበር፤ ኳስ ሣር ላይ አይነጥርም። ሴቶቹን ከወንዝ አሸዋ አሸከምሻቸው። ከቤተ መጻሕፍቱ ግንባታ የተረፈውን ሲሚንቶ ለምነሽ አስፈሰስሽ። ቀለበቱን በያጁ ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ ሠራልሽ። የመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ ሱሪ ላይ ጉርድ ቀሚስ ደርበው ተጫወቱ፤ አዋሳ ላይ ስድሳ ለስምንት ተሸንፋችሁ ተመለሳችሁ። «እማዬ፣ ስምንት አገባን!» እያልሽ ነበር በሩን የገባሽው። እኔ ደግሞ «ስድሳውንስ ማን ቆጠረው?» አልኩሽ። ያን ጊዜ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ አሁን ነው የሚታየኝ። አምና ሁለተኛ ወጥታችሁ ዋንጫ ይዘሽ ስትመጪም «ቤቱ ጠባብ ነው፣ የት ላስቀምጠው?» ነው ያልኩት።

ሲሚንቶው ግን ለእኔም ጠቀመኝ። ማንኪራ ያለችው የአባትሽ ድርሻ ቡና የምታሳየኝን አበሳ ታውቂያለሽ። ግቢያችን ጭቃ ነው፤ ማድረቂያ አልጋ ባሠራ ምስጥ በላው። በዚህ አገር ፀሐይ በወጣች ሰዓት ያልተሰጣ ቡና ይሻግታል። እንደ እናንተ ሜዳ ያለ ሰፊ ሲሚንቶ ደግሞ እኔ በምደርስበት የለም። አስፋው ሦስት ዓመት ከፈተልኝ። በአምስት ሰዓት እገባለሁ፣ በአሥር ሰዓት ሰብስቤ እወጣለሁ፤ እናንተ በአሥራ አንድ ትመጣላችሁ። ተንበርክኬ ነበር የምለቅመው፤ አንዲት ፍሬ ትቼ አላውቅም። ለአንቺ ያልነገርኩሽ እንቢ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው።

ኅዳር 14 ሐሙስ፣ አምስት ቀን ሙሉ ደመና ከርሞ ፀሐይ ወጣች። ቡናዬን በወዲያኛው ቀለበት ሥር አሰጣሁና ልቅሶ ልደርስ ሄድኩ። እናንተ ማታ ማታ ዝናቡ ስላስቸገራችሁ ልምምዱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አምጥታችሁት ኖሯል። እኔ ይህን አላወቅኩም። ማንም አልነገረኝም። አንቺን ዲኑ ለስብሰባ ጠርቶ አቆየሽ፤ ልጆቹ በወዲህኛው ቀለበት ብቻቸውን ጀመሩ። ከመካከላቸው ሶሲ ያመለጠ ኳስ ልትይዝ ዐይኗን ሽቅብ አድርጋ ወደ ኋላዋ ሮጠች። ግማሽ የደረቀ ጀንፈል ቡና እግር ሥር ሲገባ እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ጉልበቷ ዞረ። ጩኸቷ ልቅሶው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር ይላሉ። እኔ አልሰማሁም።

በአሥር ሰዓት ስመለስ ሜዳው ባዶ ነው። ቡና የለ፣ ኬሻ የለ፣ ሰው የለ። ቤት ስደርስ ኬሻዬ አፉ ታስሮ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በቀይ ክር የጣፍኩትን አይተሽ ለይተሽው፣ ቡናውን በልጆቹ ፊት አፍሰሽ፣ ራስሽ ተሸክመሽ አምጥተሽ አስቀምጠሽልኝ ከሶሲ ጋር ወደ ጅማ ሄደሻል። ከጅማ ስትመለሺ አንድ ቃል አላነሳሽም። እኔም አላነሳሁም። «ወጡ ጨው በዛበት?» አልኩሽ፤ «ደህና ነው» አልሽኝ።

ልጆቹ ያዩት ግን አሠልጣኛቸው ቡና አፍሳ ስትወስድ ነው። ወሬው ከዚያ ተነሳ፤ ቡናው የአሠልጣኟ ነው፣ ሜዳውን የግሏ ማድረቂያ አድርጋዋለች ተባለ። ግምገማው ላይ «የማን ነው?» ብለው ሲያፋጥጡሽ «ሜዳው ሳይታይ ልምምድ በመጀመሩ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብቻ ብለሽ ተቀመጥሽ አሉ። ዲኑ «ክፍተት፣ ክፍተት» እያለ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ከዚያ «እስኪጣራ ድረስ» ብለው በትውስት ቢታ ገነት ወረዳ ላኩሽ፣ ፋይል እንድትደረድሪ።

አስፋው በማግስቱ ሊመካብኝ መጣ።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ስምዎን አላነሳሁም።»

«ምን አነሳህ ታዲያ?»

«ምንም። በሩ ተቆልፎ ነበር አልኩ።»

«ቡናው ከሰማይ ዘነበ?»

«እሱን ኮሚቴው ያጣራው። እኔ አምስት ልጅ አለኝ እትዬ።»

«እኔ አንድ ናት ያለችኝ!»

«ታዲያ እርስዎ ለምን አልተናገሩም?» አለኝና ቆቡን አስተካክሎ ሄደ። ባለጌ! ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ሶሲ መጣች። በከዘራ ነው የምትሄደው። የጅማው ሐኪም ዓመት ሙሉ እንዳትሮጪ ብሏታል፤ ከዓመቱ በኋላ ስላለው ምንም አላለም። የጎልማሶቹን ትምህርት ግን አላቋረጠችም፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታስተምረናለች። ይህን ፊደል እጄን ይዛ ያስጻፈችኝ እሷ እንደሆነች ታውቂያለሽ። እናቷ ከዋጫ የላከችላትን ማር ይዛልኝ መጣች። ለእኔ!

«እማማ፣ አሠልጣኝ መቼ ነው የምትመጣው?»

«እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«የእሷ ቡና እንዳልሆነ እኔ እርግጠኛ ነኝ። ግን የማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለችኝ። ፊቴን አይታ ያዘንኩ መሰላት፤ ልታስቀኝ ፈለገች። «እርስዎ ደግሞ! ከመውደቄ በፊት ረቡዕ ዕለት ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን በአንድ ትንፋሽ! ክፍሉ ሲያጨበጭብ ነጠላዎ ውስጥ ተደበቁ እኮ!»

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ልንገርሽ። ያን ዕለት የምትጽፍልን ዓረፍተ ነገር ጠፍቷት ሐሳቧ ላይ የነበረውን ጻፈችው። «ነገ ልምምዳችን በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል» ይላል። በዕድሜዬ ፊደል በፊደል ሳልለቅም ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ቤት እስክደርስ ፊደሎቹ ዐይኔ ላይ ነበሩ። ምን እንደሚሉ ግን፣ እንዴት ብዬ ላስረዳሽ፣ ማንበቤን እንጂ አንድ ነገር መስማቴን ልብ አላልኩም። ወይም ልብ ብያለሁ፤ ፀሐይዋ ስትወጣ «ኳስ ነው፣ አንድ ቀን ቢጠብቁ ምን ይሆናሉ» ብያለሁ። የትኛው እንደሆነ ራሴን ብጠይቅ ብጠይቅ አጣሁት። ከላይ «ማንም አልነገረኝም» ብዬ ጽፌልሻለሁ። አልሰረዝኩትም፤ ተመልሰሽ እይው።

ዛሬ ጠዋት ኮሌጁ ሄጄ ለኮሚቴው ጸሐፊ አንድ ገጽ ሰጠሁ። ያልጠየቅኩሽ እንዳትከለክይኝ ነው።

«ማን ጻፈልዎት እማማ?» አለችኝ።

«እኔ።»

«አይ፣ የጻፈልዎትን ሰው ነው የምጠይቅዎት።»

«እኔ አልኩሽ እኮ ልጄ።»

የጣት ቀለሙን ከፍታ ወደ እኔ ስትገፋው «እሱን ዝጊና እስክሪብቶ ስጪኝ» አልኳት። ፈረምኩ። ከዚያ ነው ማንበብ የጀመረችው። ጨርሳ ቀና ብላ አየችኝ፤ በሩ መዘጋቱንም አየች።

«ይሄ መዝገብ ከገባ እኮ አይመለስም እማማ።»

«ቁጥር ስጪው።»

ሰጠችው።

ቡናው የእኔ መሆኑን፣ አንቺ እስከዚያ ቀን እንዳላወቅሽ፣ በሩን ማን እንደከፈተልኝ፣ የሰዓቱንም መቀየር አንብቤ እንደነበር ጽፌአለሁ። የአስፋውን ስም ከነአባቱ ጻፍኩት። ለልጆቹ አዝናለሁ፤ ለእሱ አላዝንም።

አሁን የምፈራው በዝቷል። እናት ናት፣ ልጇን ለማዳን ነው ብለው አይቀበሉኝም ይሆናል። ወይም «እያወቀች ደብቃለች» ብለው ባንቺ ላይ ሌላ ጥፋት ይጨምሩብሽ ይሆናል። ይህ የታወቀኝ ቁጥሩ ከተሰጠው በኋላ፣ ደረጃውን ስወርድ ነው፤ እዚያው ተቀመጥኩ። ሶሲም ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማ አልፈልግም፤ ነገ ከትምህርት በኋላ ራሴ እነግራታለሁ። ማሩን አልነካሁትም። ስጪኝ ብትለኝ ማሯን እመልስላታለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ለሰኞ ድረሺ። ተስፋሁን ይህን ደብዳቤ ነገ ይዞልሽ ይመጣል፤ ቅዳሜ፣ በጥምቀት ማግስት፣ ይመለሳል። ጋቢና እንዲይዝልሽ ነግሬዋለሁ። ዝም ማለት ከፈለግሽ እዚህ መጥተሽ ፊታቸው ዝም በዪ።

የአባትሽ አምላክ መንገድሽን ያለስልስልሽ። ደረትሽን ይጠብቅልሽ። የእነዚያን ሴቶች ጉልበት ያጽናላቸው፤ የሶሲን ከሁሉ አስቀድሞ።

ጎረቤታችን ዙፋን ዛሬም ከአጥሩ ማዶ «አፀደ ቆየች እኮ፣ የት ሄዳ ነው?» አለችኝ። አሳምራ ታውቃለች፤ ከአፌ ልትሰማው ፈልጋ ነው። ይህን ሁሉ ቀን ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ለስልጠና አዋሳ ሄዳለች» እያልኩ ነው የከረምኩት። ከእንግዲህ ለስልጠና ሄዳለች አልልም።

እናትሽ
ይመኙሻል ሀብተሥላሴ