የልደታ ዋንጫ ስም ቀራጭ፦ የአቶ በሱፍቃድ ወልደገብርኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ በሱፍቃድ ወልደገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል ተክለጻድቅ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሰንበት ዘርጋ ሐምሌ 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ብረት ሠሪ ነበሩ። መኖሪያ ቤታቸውና መሥሪያቸው በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ፣ አቶ በሱፍቃድ አፋቸውን የፈቱት በመዶሻ ድምፅ መካከል እንደነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር።

በልደታ ማርያም ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በአካባቢው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር መምህራኑ የክፍሉን የስም ዝርዝር የሚያስጽፉት እሳቸውን ነበር። በ1964 ዓ.ም. አባታቸው ሲታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሥራውን ተረከቡ። ከመቀጥቀጥ ይልቅ ግን ልባቸው ስም ወደ መቅረጽ አደላ። የበር ሰሌዳ፣ ማኅተም፣ የቀለበት ጽሑፍ፣ የመቃብር ሰሌዳ በእጃቸው ያልወጣ የለም። ዛሬ በዚህ ግቢ ከቆምነው መካከል የአባቱ ወይም የእናቱ ስም በእሳቸው መሮ የተቀረጸለት ብዙ ነው።

ጥር 1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጠጅቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው እንድርያስንና መቅደላዊትን ወለዱ። ለልጆቻቸው ርኅሩኅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ጠጅቱ በትንሹም በትልቁም የምትሰጋ ስለነበረች፣ ልጅ በሳለ ቁጥር ስትደነግጥ፣ “ጠጅዬ፣ ሳል እንጂ ሞት አይደለም” እያሉ ያረጋጓት ነበር።

የአቶ በሱፍቃድ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሳው ከልደታ ሰፈሮች የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ጋር ነው። ውድድሩ በ1975 ዓ.ም. ተጀመረ። ፍጻሜው በየዓመቱ ከግንቦት ልደታ ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ አሁን ሕንፃ በቆመበት ሜዳ ላይ ይደረግ ነበር። የዋንጫው መቆሚያ እንጨት ነው። በዙሪያው በየዓመቱ አንዲት የነሐስ ሰሌዳ ትመታበታለች። ልማዱ እንዲህ ነበር፦ አቶ በሱፍቃድ ከሜዳው ዳር ዣንጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጨዋታው ሲያልቅ የአሸናፊውን ስም ሕዝቡ ቆሞ እያየ ይቀርጻሉ። ስሙ ሳይጻፍ ዋንጫው አይነሳም።

በመጀመሪያው ፍጻሜ ጠመንጃ ያዥ ልደታ ማርያምን አንድ ለዜሮ አሸነፈ፤ ጎሏ የተቆጠረችው ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ከቆመች ኳስ ነበር። የ1979 ዓ.ም. ፍጻሜ ሁለት እሑድ እኩል ለእኩል አልቆ በሦስተኛው ለየለት። በ1983 ዓ.ም. በጊዜው ሁኔታ ጨዋታ አልነበረም። አቶ በሱፍቃድ ግን፣ “ያልተጫወትንበትም ዓመት ዓመት ነው” ብለው ምንም ያልተጻፈባት ሰሌዳ መቱበት። በ1986 ዓ.ም. በፍጹም ቅጣት ምት ሁለቱም በረኞች ሳይቀሩ መቱ። በዚያ ቀን የተሸነፈው ሰንጋ ተራ ነበር። ሰንጋ ተራ በ1977፣ በ1981 እና በ1988 ዓ.ም. ፍጻሜ ደርሶ እንዲሁ ተሸንፏል። አራት ጊዜ ደርሶ አንድም ቀን ስሙ ነሐስ ላይ አልወጣም።

ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠመንጃ ያዥና ሰንጋ ተራ ተገናኙ። እረፍት ሲወጡ ጠመንጃ ያዥ ሦስት ለዜሮ ይመራ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዋንጫውን የሚሰጡት እንግዳም ቸኩለዋል። የጠመንጃ ያዥ አሠልጣኝና የአቶ በሱፍቃድ የልጅነት ጓደኛ አቶ ኸይረዲን ወደ ዣንጥላው መጡና፣ “በሱ፣ ምን ትጠብቃለህ? ዋንጫው እኮ ቤቱ ነው ያለው! ጻፈው፣ ዝናቡ ሳይመጣ” አሏቸው። ጠጅቱ መቅደላዊትን አዝላ አጠገባቸው ነበረች። “ኧረ ተው፣ ፊሽካው ይነፋ” አለች። እሳቸውም ሳቁና፣ “ጠጅዬ፣ ሦስት ለዜሮ እኮ ነው!” ብለው መሮአቸውን አነሱ። ያደጉበትን ሰፈር ስም በደስታ ቀረጹ።

በሁለተኛው አጋማሽ ሰንጋ ተራ አራት ጎል አገባ።

የሰንጋ ተራው አምበል ሚደቅሳ ዋንጫውን ሊያነሳ ሲመጣ ሰሌዳዋን አነበባት። ከጠመንጃ ያዥ ደጋፊ መካከል አንዱ፣ “ስሙ የኛ ነው፣ ዕቃውን ውሰዱት!” ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አቶ በሱፍቃድ፣ “ነገ አስተካክለዋለሁ፣ ይቅር በለኝ” ቢሉ፣ ሚደቅሳ፣ “ይኼ ዋንጫ ሁለተኛ ጠመንጃ ያዥ አይገባም!” ብሎ ይዞት ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ዋንጫው ሳይመለስ ቀረ፤ ውድድሩም ቆመ። በዚህ ዓይነት የዋንጫው ታሪክ በተሳሳተ ስም ላይ አበቃ።

አቶ በሱፍቃድ ይህን ከልባቸው አውጥተው አያውቁም። ሰው ሁሉ ሲረሳው እሳቸው፣ “ዋንጫውን የገደልኩት እኔ ነኝ” ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያላለቀ ነገር ላይ ስም መጻፍ እርም አሉ። ሙሽራ ቀለበት ይዞ መጥቶ፣ “ሰርጉ እኮ ነገ ነው” ቢላቸው፣ “እንግዲያው ከነገ ወዲያ ና” ብለው ይመልሱት ነበር። ስንቱ ደንበኛ ተቆጥቶ ሄዷል! ሚደቅሳንም በሽማግሌ ለመኑ፤ እሺ አላለም። ኋላ ሰንጋ ተራ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት ነዋሪው ተበተነ፤ ሚደቅሳም የት እንደደረሰ ጠፋ። አቶ በሱፍቃድ ሥራ በፈቱ ቀን በአዳዲሶቹ መንደሮች እየዞሩ፣ “ከሰንጋ ተራ የመጣ ሰው አለ?” እያሉ ጠየቁ። ሳያገኙት ብዙ ዓመታት አለፉ።

በ2011 ዓ.ም. የቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ ሕመም መሆኑ ታወቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ሱቃቸውን ዘጉ። ልጆቻቸው በየሥራቸው ሲውሉ መድኃኒቱን የምትሰጠው ጠጅቱ ነበረች። ማንበብ ስለማትችል የጠዋቱን ለማታ፣ የማታውን ለጠዋት እንዳትሰጣቸው ስትሳቀቅ ትውል ነበር። በዚህ ምክንያት በ2013 ዓ.ም.፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ፣ በወረዳው የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። አቶ በሱፍቃድ አልጋ ላይ ሆነው ደብተሯን ያርሙላት ነበር። የመድኃኒቱን ካርቶን ካነበበች በኋላ፣ በታክሲ ስትሄድ በመንገድ ዳር ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ካላነበብኩ የምትል ሆነች።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጀሞ ለለቅሶ ስትሄድ “ሚደቅሳ ጎሚስታ” የሚል ጽሑፍ አነበበች። ተሳስቼ ይሆን ብላ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ከዚያም “ወራጅ አለ!” አለች። ጎማ ይነፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ “ማን ልበል?” አሏት።

“የበሱፍቃድ ባለቤት ነኝ። የስም ቀራጩ።”

አቶ ሚደቅሳ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “ዣንጥላ ሥር ልጅ ያዘልሽው?” አሉና ወደ መደርደሪያው አመለከቱ። ዋንጫው ብሎን ሞልቶበት ተቀምጧል። “የመጀመሪያው ዓመት ንዴት ነበር፣ እህቴ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኀፍረት ነው። በምን ፊቴ ልመልሰው?”

ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ልክ በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ አቶ ሚደቅሳ ዋንጫውን ታቅፈው ጠመንጃ ያዥ ገቡ። ከበሩ ሳይገቡ፣ “አንተ ሌባ፣ ስሜን በላህብኝ!” አሉ። አቶ በሱፍቃድም ከአልጋቸው፣ “አንተስ ዋንጫውን የብሎን ዕቃ አደረግኸው!” ብለው መለሱ። ሁለቱም ሲስቁ ቆይተው ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሰሌዳዋ ተነቅላ ተገለበጠች፤ ጀርባዋ ንጹሕ ነበር። አቶ በሱፍቃድ መሮውን ቢያነሱም እጃቸው አልታዘዝ አለ። አቶ ኸይረዲን ሌላ ባለሙያ እንዲፈለግ ቢጠይቁ አቶ ሚደቅሳ፣ “ከዚህ ቤት አትወጣም። በዚህ ቤት እጅ ተበላሸች፣ በዚሁ ቤት እጅ ትስተካከል” አሉ። ያኔ አቶ በሱፍቃድ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ “ፊደሉን ታውቂው የለ? ያዢው” አሏት። ጠጅቱ ነሐሱን እንዳታበላሽ በጣም ፈርታ ነበር። እሳቸው፣ “አትጫኚው። መዶሻው ይሥራ፣ አንቺ ምሪው” እያሉ፣ “ሰንጋ ተራ” የሚሉት አምስት ፊደላት በሦስት ቀን አለቁ። “ጋ” ዘመመች። ጠጅቱ ፍቄ ልድገመው ብትል፣ አቶ በሱፍቃድ ሰሌዳዋን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩና፣ “ተይው። ይነበባል” አሉ። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ረጅም እንቅልፍ ተኙ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኙ ዓመታት አልፈው ነበር።

የሁለቱ ሰፈር ሰዎች ውድድሩን ከመጪው ግንቦት ጀምሮ ሊመልሱት ተስማምተዋል። አቶ በሱፍቃድ የ2018ቱን ሰሌዳ አስቆርጠው ትተዋል፤ ምንም አልተጻፈባትም።

ከመስከረም ጀምሮ ሕመማቸው ጠናባቸው። በጥቅምት ወር የዕድሩ አባል ወ/ሮ እንዳለች በደግነት፣ “ጠጅቱ፣ ክፉ አያሰማሽ እንጂ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ቀደም ብለሽ ብትጀምሪው ይሻላል፤ ኋላ ትጣደፊያለሽ” ብለዋት ነበር። ጠጅቱ ግን፣ “ፊሽካው አልተነፋም” ብላ እስክሪብቶ አላነሳችም። እስከ መጨረሻው ሰዓት ይድናሉ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

አቶ በሱፍቃድ ወልደገብርኤል ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ በተወለዱበት ቤት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ሲሆኑ ሦስት የልጅ ልጆችን አይተዋል። ዋንጫውን ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት የያዙት አቶ ሚደቅሳ ናቸው።

ይህ ታሪክ የተጻፈው ካረፉ በኋላ፣ በአንድ ቀን፣ በባለቤታቸው በጠጅቱ እጅ ነው። የዘመመ ፊደል ቢገኝበት ይነበባልና ይቅር በሉ።

እግዚአብሔር የባለቤቴን፣ የልጆቼን አባት ስም በማይፋቅበት መዝገብ በገዛ እጁ ይጻፍልን። አሜን።