የኡምሰልማ ካርድ

ሰኞ፣ ኅዳር 22

የወሩን ሪፖርት ዘጋሁ። ወባ፣ ክትባት፣ ወሊድ... ሁሉም ገጠመ። ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ተገልጋዮች፦ ዜሮ። ባለፈው ወርም ዜሮ። አዋሽ ውስጥ ይሄ ሁሉ ልጅ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ሲንጫጫ፣ አንድም የሚታመም የለም? ብቻ መዝገቡ ንጹሕ ነው። አሥራ አራት ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስቀመጥ ድምር ተሳስቼ አላውቅም።

ልጄ ሎዛ ዛሬም ከትምህርት ቤት ቀረች። በየወሩ ሆዷን እንዲህ ይቆርጣታል። "ነይ ካርድ ላውጣልሽ" ብላት "አንተ ጋ?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አመል ነው ብዬ ተውኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ከሰመራ፣ ከክልሉ ጤና ቢሮ ተደወለ። የወጣቶች ክፍላችን እስከ ጥር 20 ድረስ ከሃያ ዓመት በታች ሰው ካላሳየ መድኃኒት ማከማቻ ይሆናል። ነርሷ ሐያትም ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። "ዜሮው የእውነት ነው ወይስ አልቆጠራችሁም?" አለኝ የደወለው ልጅ። አልቆጠራችሁም! እኔን! ደሜ ፈላ።

ኃላፊያችን ይርገዱ ሰምታ "አሥር አሥራ አምስት ጻፍና ተገላገል" አለች። እየሳቀች ነው፤ ግን የምሯን ነው። የሌለ ሰው አልጽፍም አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አገኘሁ! ኡምሰልማ የምትባል፣ ሃያ ስምንት ዓመት፣ በአንድ ወር አሥራ አንድ ጊዜ ሐያት ጋ ገብታለች። ክብደቷን አየሁ። ሰኞ 41 ኪሎ። ረቡዕ 58። ዓርብ 44። ምን ዓይነት ሴት ናት? በአንድ ካርድ ስንት ሰው ነው የሚታከመው? ነገ ሐያትን አፋጥጣታለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

አፋጠጥኳት። መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ "ሲስተር፣ ይቺ ሴት ፊኛ ናት?" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁን ተወችው።

"ልጆች ናቸው ጋሽ ወልዴ። አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት ዓመት... ካርዱን ተውሰው ነው የሚመጡት።"

"የራሳቸውን ለምን አያወጡም?"

"አንተ አዲስ ካርድ ስታወጣ ምን ትጠይቃለህ?"

"ስም፣ ዕድሜ፣ ያገባች ያላገባች፣ የት ክፍል እንደምትሄድ። ደንቡ ነው።"

"እንዴት ነው የምትጠይቀው?"

እንዴት ነው የምጠይቀው?... አስፋልቱ ላይ ተሳቢ መኪና ያጓራል፣ እኔም በመስኮቱ እጮኻለሁ። ሰልፉ ላይ የልጅቷ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ሾፌር አለ። የቆየ ካርድ የያዘ ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶኝ ያልፋል።

"እሺ፣ አንቺስ እውነተኛ ዕድሜያቸውን ለምን አልጻፍሽም?"

"ወላሂ ጽፌ ነበር! ከካርዱ ጋር አልገጠመም ብለህ መዝገቡን ሦስት ጊዜ የመለስክብኝ አንተ አይደለህ?"

ዜሮውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ኡምሰልማን መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤቷ ውስጥ አገኘኋት። ወሎዬ ናት፣ አፏ አያርፍም። "ልትከሱኝ ነው?" አለች ገና ሳልቀመጥ። አይደለም አልኳት። "እዚህ የሚሠሩት ልጆች እናታቸው ሩቅ ናት። ካርዴን ቢወስዱ ምን ይጎድልብኛል?" የአንዷ መድኃኒት ለሌላዋ ባይስማማስ ስላት እሱን አላሰብኩትም አለች፤ ደነገጠች። ከዚያ ትኩር ብላ አየችኝና፣ "አንተ የመስኮቱ ሰውዬ አይደለህ? ድምፅህ እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል!" ምግብ ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ይገባኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 28

የሎዛ "አንተ ጋ?" አመል አልነበረም ማለት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ለይርገዱ ነገርኳት። ልጆቹ በጓሮ በር በቀጥታ ሐያት ጋ ይግቡ። ካርዱን እሷ ትስጣቸው፣ ቁጭ አድርጋ ዕድሜያቸውን ትጠይቅ። እኔ ጋ ቁጥርና ዕድሜ ብቻ ይምጣ፣ ስም አይምጣ። "እንዲህ ያለ አሠራር የለም" አለች። "ዜሮስ ምን አሠራር ነው?" አልኳት። ተጨቃጨቅን... በመጨረሻ እስከ ጥር ፈቀደች። "አንተ ስም የሌለው መዝገብ ልትቀበል? ጉድ ነው!" እያለች ወጣች። ለእኔም ጉድ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

አሥር ቀን ሆነ። የመጡት ሁለት ልጆች ብቻ። ሐያት "ይለመዳል ኢንሻአላህ" ትላለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ለማከማቻው መደርደሪያ ክፍሉን የሚለካ ሰው ዛሬ መጥቶ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24፣ ሰመራ

ለግምገማ መጣሁ። መንገድ ላይ፣ ገዋኔ ስንደርስ ጎማ ፈንድቶብን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆየን። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ "ዜሮውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ በድምፄ" አልኩ። ሳቁ። ከዲቾቶ ጤና ጣቢያ የመጣች ኑራ የምትባል ባለሙያ ግን አልሳቀችም። ሻይ ላይ ጠጋ ብላ "እኛም መስኮት አለን" አለችኝ።

የዚህ ወር ቁጥሬ ሰባት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን እውነተኛ ሰባት።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ሎዛን ከጓሮ በር ስትወጣ አየኋት። እሷም አየችኝ። ምን አሟት ነው? ምን ተባለች? ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ፣ አለፈች። ከዚያ ሐያት በር ድረስ ሄድኩ። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁ። አባት አይደለሁ? ብጠይቃት ምን አለበት? ቆምኩ፣ ቆምኩና ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ከአሥር እስከ አሥራ አራት፦ አራት። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ዘጠኝ፦ ሃያ ስድስት። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ሠላሳ ልጅ! ሰመራ ደወልኩ፤ ክፍሉ አይነካም አሉ። ሐያት "አልሐምዱሊላህ" ብላ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ይርገዱ የጓሮው በር ቀለም ይቀባ ብላ አዘዘች።

አሥራ ስድስት የሚል ዕድሜ አምስት ቦታ አለ። አንዷ የእኔ ልጅ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ለአምስቱም እኩል ጭረት አሰመርኩ።

በዚህ ወር ሎዛ ከትምህርት ቤት አንድም ቀን አልቀረችም። ዛሬ ምሳ ላይ ሳልጠይቃት "አባዬ፣ ደህና ነኝ እኮ" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። "ጎሽ ልጄ" አልኳት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም።