የዳንዊች ተወካይ

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ከሥራ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ዛሬ ኤርፖርት በዊልቸር የገፋኋቸው መንገደኞች ሁሉ መሳፈሪያቸው ሩቅ፣ ሻንጣቸው ከባድ፣ አመላቸው መጥፎ። ሽሮ እያሞቅሁ ስልኬ ጮኸ። ሳየው «በር» ይላል።

ማስታወሻዬ፣ ይኼን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። «በር» ማለት እዚህ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን ሠፈር የኖርንበት የአፓርታማ ሕንፃ የመግቢያ በር ነው። እንግዳ መጥቶ በሩ ጎን ያለው ሳጥን ላይ የቤት ቁጥር ሲጫን፣ ሳጥኑ ወደ ባለቤቱ ሞባይል ይደውላል። ዘጠኝን ስትጫኚ በሩ ይከፈታል። ቁጥሩን ያኔ ነው «በር» ብዬ የያዝኩት።

ሕንፃው ግን ከተዘጋ ወራት አለፉ። ሊታደስ ነው ብለው ሁላችንንም አስወጡን። እኔ አናንዴል፣ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ነኝ፤ ሌላው ሄርንደን፣ ሌላው ሜሪላንድ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ። እዚያ ማን በር ላይ ይቆማል?

አላነሳሁም። ጠርቶ ጠርቶ ተወ። ሽሮው አረረ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የእድር ስብሰባ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የቤ/ክ አዳራሽ። ማሞቂያው ለጉድ ነው። በንዴት ነው የምጽፈው።

እድራችን በምድብ የተከፈለ ነው። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው የራሱ ምድብ ነው። ወንበር የሚደረድረው፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚቆመው፣ የሕይወት ታሪክ የሚያነበው። ሕንፃችን ሰው ስለሚበዛበት ለብቻው ምድብ ነበር፣ ያውም ሁለት ተወካይ ያለው። አንዷ እኔ። ሌላዋ እትዬ አሰገደች፤ በነሐሴ ዐረፉ፣ ነፍስ ይማር። የሚተካቸው አልተመረጠም።

ጸሐፊው አቶ ዘሪሁን ተነሣ። ሕንፃው ባዶ ስለሆነ ምድቡ ይሰረዝ፣ አባላቱ አሁን በሚኖሩበት አካባቢ ይመደቡ አለ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ድሮ ለንደን ኖሮ እንደነበር ሳያነሣ ስብሰባ አያልቅለትምና ወሬ ጨመረበት። እንግሊዝ አገር ዳንዊች የሚባል ከተማ ነበር፣ ባሕር በላው፣ ከተማው ጠፍቶም ፓርላማ ሁለት ሰው ይልክ ነበር አለ። ወደ እኔ እያየ፣ ወ/ሮ አዜብም የዳንዊች ተወካይ ናቸው አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከጥርሴ።

ድምፅ የሚሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ተወካዮች አባሎቻቸውን ጠይቀው ይምጡ ተባለ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ባስ ላይ። ስለ ዳንዊች በስልኬ አነባለሁ። የጀመርኩት የዘሪሁንን ስሕተት ላገኝ ነበር። አላገኘሁም። እውነቱን ነው።

በእንግሊዝ ምሥራቅ ጠረፍ ያለ ትልቅ የወደብ ከተማ ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ፣ ገበያው የሞላ። ከዚያ ማዕበል መጣ። ወደቡ ተደፈነ። ገደሉ በየዘመኑ እየተናደ መንገዱ፣ ገበያው፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ተራ በተራ ባሕር ገቡ። ዳር ላይ ጥቂት ቤት ቀረ። ሁለቱን ወንበር ግን ማንም አልነካም፣ ለብዙ መቶ ዓመት። መራጩ ጥቂት፤ ከጥቂቱም ውስጥ ሌላ ቦታ የሚኖር አለበት። በመጨረሻ ሁለት ባለጸጋ ቤተሰቦች ወንበሮቹን ተካፍለው ያዟቸው። የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1832 በወጣው የተሐድሶ ሕግ ነው።

አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ያ የዳንዊች ተወካይ ለንደን ፓርላማ ቆሞ የዳንዊች ሕዝብ እንዲህ ይላል ሲል፣ በዓይኑ የሚታየው ማን ነበር? ማንን ጠይቆ መጣ? ማዕበል ሲነሣ ከባሕሩ ሥር ደወል ይሰማል ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

ይኼን ሳነብ ስልኩ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። በር። ሰው በተሞላ ባስ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። አላነሳሁም። መውረጃዬን አለፍኩት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሚካኤል። ዛሬ ኦፍ ነኝ። ለአባሎቼ ስደውል ዋልኩ።

መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሦስተኛ ፎቅ የነበረችው አልማዝ። ስለ ምድቡ ጉዳይ ነው ስላት ሳታስጨርሰኝ እሱንማ ነግሬያለሁ አለች። ለማን? ከእድር ለደወሉት። እኔ ያስደወልኩ መስሏት። አንድ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ እንቆይ ወይስ እንውጣ ብለው ጠየቁኝ፣ እንቆይ አልኩ አለችኝ።

ቀጥዬ ለሌላው። እሱም ተጠይቋል። ሌላዋም። ሁሉም እንቆይ ብለዋል። ዘሪሁን ሊያሾፍብኝ ሰው አስደውሎ ይሆናል ብዬ ሰደብኩት፣ በልቤ።

አመሻሽ ላይ አልማዝ መልሳ ደወለች። አንድ ነገር ሲከነክናት ውሏል። እሷ ስልኩን ስታነሣ ሴትዮዋ ያሏት ቃል፦ «ፎቃችሁ ደህና ነው?»

እንዲህ ብሎ ሰላም የሚል ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እትዬ አሰገደች። ከሕንፃው ከወጣን በኋላ እንኳ አልተዉም ነበር። ከአልማዝ ጋር ግን ስለ ብርዱ አወራን።

ፈራሁ። ይኼው ጻፍኩት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሄድኩ። በዓይኔ ካላየሁ አይሆንልኝም። ስካይላይን መኪናው፣ ባሱ፣ ግርግሩ እንደ ድሮው። ሕንፃችን ብቻ በሽቦ አጥር ታጥሯል። መስኮቶቹ መጋረጃ የላቸውም። የኔን መስኮት ፈልጌ አጣሁት። ስንት ዓመት የኖርኩበትን! ሁሉም አንድ ሆኑብኝ።

የአጥሩ መግቢያ ክፍት ነበር። ተሸካሚዎች የተነቀለ ማቀዝቀዣ መኪና ላይ እየጫኑ ነው፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። እስከ በሩ ሄድኩ። ሳጥኑ ከግድግዳው ተነቅሏል። የነበረበት ጉድጓድ ሆኗል፤ የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ተመስገን አልኩ። አንዱ የተበላሸ መስመር ነው ያስቸገረኝ ብዬ ልመለስ ስል ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ።

በር።

ጉድጓዱን አየሁ። ስልኩን አየሁ። ከበሩ ፊት ለፊት የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላዬ ተሸካሚዎቹ በስፓኒሽ ይሳሳቃሉ። ሮጥኩ ማለት ይቀላል። ባገኘሁት ባስ ገባሁ፤ ሌላ ሠፈር ነበር የሚሄደው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ።

የሕንፃው ኦፊስ ኮል አደረግሁ። ልጁ ትሑት ነው። መስመሩ ድሮ ተቋርጧል፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይሆናል አለኝ። ደስ አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ ያ ሌላ ሰው ቁጥሬን ከየት ያውቃል፣ የአልማዝን ከየት ያውቃል ብዬ ደስታዬን በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ማታ ዘሪሁን ደወለ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀልዱ ሳያስበው አምልጦት ነው። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። የሌሎቹ ተወካዮች ድምፅ እኩል ለእኩል ነው፣ የእርስዎ ይወስነዋል አለኝ። እውነት ለመናገር አስቀድሜ ልዘጋበት ነበር። ግን እትዬ አሰገደችን አነሣ።

እንዲህ ነው የሆነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የእኅታቸው ልጅ ቤት ዐረፉ። እዚያ ያሉት የእድር ሰዎች በእግራቸው ሊደርሱ የሚችሉ ነበሩ። እሳቸው የኛ ምድብ አይደሉም ብለው እኛን ጠበቁ። እኛ ከቨርጂኒያ ተነሥተን ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ አደጋ ነበርና ቆምን። ስንደርስ አፈሩ ተመልሷል። የእኅታቸው ልጅ ብቻዋን ቆማለች። አልቅሼ አልወጣልኝም፣ እስከ ዛሬ።

ለዚህ ነው እኔ ይሰረዝ የምለው አለ ዘሪሁን። ሊያጽናናኝ ብሎ ደግሞ ስለ ዳንዊች ጨመረልኝ፤ የመጨረሻው ቤተ ክርስቲያን ሲናድ የመቃብሩ ግቢ አብሮ ተናደ፣ ከገደሉ ግድግዳ የሰው አጥንት ይታይ ነበር። ሰውዬው ማጽናናት የተማረው የት ይሆን።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል። ሄርንደን፣ ጋሽ ሙላት ዘንድ። ከኛ ሕንፃ አባላት በዕድሜ ትልቁ። ልጃቸው ቤት ነው ያሉት፤ የልጅ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይንጫጫሉ፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል፣ እሳቸው ጥግ ይዘዋል። እነሱ የቱርኪ ሥጋ፣ እኛ ሁለታችን ምስር። ከስተዋል። እጃቸው ወረቀት ሆኗል።

የምድቡን ነገር ነገርኳቸው። ሳሕናቸውን ገፋ አደረጉ። ከዚያ ሄርንደን ያሉት እኔን የት ያውቁኛል አሉ። ኤርፖርት ዳር ያለ ሽማግሌ ነኝ ለነሱ። አንቺ ታውቂኛለሽ። እኔን የማያውቅ ሰው እንዲቀብረኝ ነው? አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ይኼ ነው እንግዲህ። ቢሰረዝ ጋሽ ሙላት በማያውቃቸው እጅ ይቀበራሉ። ባይሰረዝ እንደ እትዬ አሰገደች የሚያውቃቸው ሳይደርስ ይቀበራሉ። የኔም እጣ ከሁለቱ አንዱ ነው። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ የነበረኝ ያ ሕንፃ ነው።

ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። በሩ ላንቺም ይደውላል አይደል? አሉኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለሳቸውም ይደውላል። አንድ ጊዜ አንሥተዋል። ምን አለ? ስላቸው አሰገደች ናት አሉ፣ ጎረቤት መጣ እንደሚባለው። ብርድ ላይ ቆማለች፣ ክፈቱልኝ ነው የምትለው። እንዲህ ልብሽ የደነደነው ከመቼ ወዲህ ነው? አሉኝ።

እርስዎስ ከፈቱላቸው? አልኩ። አንቺን እየጠበቅሁ ነው አሉ። ተወካይዋ አንቺ ነሽ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሥራ። ሙሉ ሺፍት። አንዲት አሮጊት መንገደኛ ገፋሁ፣ ፊቷን ማየት ፈራሁ።

በር ሁለት ጊዜ ደውሏል። እጄ ሊያነሣ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። የጠየቅኋቸው ሁሉ እንቆይ ያሉት ለኔ አይደለም፣ ለእትዬ አሰገደች ነው። ለሞተ ሰው እንውጣ ማለት ማን ይደፍራል? እኔም አልደፍርም። ነገ ግን ለሕያዋን ነው የምቆመው። ወይስ? አላውቅም።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ማርያም። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀ መንበሩ ይሰረዝ የሚል ተወካይ እጁን ያውጣ አለ። ቆጠረ። ይቆይ የሚለውን ቆጠረ። እኩል። ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞረ።

ያኔ ቦርሳዬ ውስጥ መጮህ ጀመረ። ሳላየው አወቅሁት። አጠገቤ ያለችው ሴት አጥፊው ስትል በክርኗ ነካችኝ። ያቺ የእኅት ልጅ ለብቻዋ አፈሩ አጠገብ የቆመችው መጣችብኝ። እጄን አወጣሁ። ይሰረዝ።

ስልኩ ቀጥ አለ።

ዘሪሁን መጥቶ አመሰገነኝ። ስሜታችንን የሚረዳ ሰው ነው ለካ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ውጪ ወጥቼ መኪናው መካከል ቆሜ አለቀስኩ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ጋሽ ሙላት ትናንት ዐረፉ።

ልጃቸው ነው የነገረኝ። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ስልካቸው ጮኸ። አነሡት። አማርኛው ብዙ አይገባውም፣ ግን እሺ እሺ፣ ግቢ ሲሉ ሰምቷል። ከዚያ በጣታቸው አንድ ቁጥር ተጫኑ፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የተኙ መስሎት ነበር። ስንት ሰዓት ነበር? አልኩት። ነገረኝ። እኛ ድምፅ የምንሰጥበት ሰዓት ነው።

እኔ አላነሳሁም፤ እሳቸው አነሡ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ሄርንደን። ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። የሄርንደን ምድብ ሰዎች ቀድመውኛል። ከእሑድ ማታ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ወንበሩ ተደርድሯል፣ የጾም ምግቡ ቀርቧል፣ ጫማ የሚያስተካክል እንኳ ሰው ቆሟል። አንዲት ወጣት እማማ ይቀመጡ ብላ ሻይ ሰጠችኝ። ለእንግዳ እንደሚሰጥ። ከሟች ጋር ምንዎት ናቸው? አለችኝ። ጎረቤት አልኳት። አንድ ጉድለት አላገኘሁባቸውም፣ ፈልጌ ነበር።

የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ አጡ፤ የሚያውቃቸው የለም። ልጃቸው ወደ እኔ ጠቆመ። ወጣቷ ወረቀት አምጥታ፣ ምድባቸውን ሄርንደን ልበል? አለችኝ። ወረቀቱን ተቀበልኳት።

አሁን ቤዝመንቴ ውስጥ ነኝ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከእሑድ ወዲህ «በር» አልደወለም። ዝምታው ይብሳል። እትዬ አሰገደች ገብተዋል ማለት ነው፣ ጋሽ ሙላት ከፍተውላቸዋል። እኔ ውጪ ነኝ።

ጽፌ ጨረስኩ። ምድብ የሚለው ላይ ስካይላይን አልኩ። ነገ ቆሜ በሰው ፊት አነበዋለሁ፤ ዘሪሁን ከፈለገ ራሱ ይሰርዘው። ከቀብር መልስ ደግሞ ለአናንዴል ምድብ ኮል አደርጋለሁ። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ልቀመጥ፣ ከየት እንደመጣሁ ልንገራቸው። የሚቀብሩኝ ሰዎች ስሜን ይወቁት።