ያልረገበው የክራር ክር

ቡሬ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ዛሬ የሙዚቃ መምህሩ የባለቤቴን ክራር ለትምህርት ቤቱ ሊወስድ የድምፅ መለኪያውን ይዞ መጣ። ካቻምና፣ ባለቤቴ ሳይዘምት፣ መምህሩ ቅኝቱን በዚሁ መለኪያ ለክቶ ጽፎት ነበር። ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት ሴንት በሚሏቸው ሺህ ሁለት መቶ ትናንሽ ክፍሎች ይከፍሉታል አሉ። የኔ ሰው ሦስተኛዋን ክር ከክራርተኛው ሁሉ በአሥራ አራት ሴንት ከፍ አድርጎ ነበር የሚቃኛት።

መምህሩ ክራሩን ከግድግዳው ሳያወርድ ሦስተኛዋን ክር መታት። መለኪያው ዛሬም ያንኑ አሥራ አራት አሳየ!

«እትዬ፣ የጅማት ክር እኮ በሳምንት ይረግባል። ማን ይቃኝልዎታል?»

«እኔማ ጣቴንም አላሳረፍኩበት!» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መቃኛው ላይ አቧራ የለም፤ ጠርጌውም አላውቅ።

የእሑዱ ተዝካር ጠላ ተጠንስሷል። ከዘመቻው ስላልተመለሰ ዘመዱ ሁሉ ባለቤቴን ሞቷል ብሎ ቆርጧል። ክራሩን ግን አልሰጠሁም። ሊቃኘው ሲመጣ ቢያጣውስ?