ለሥርጉት ስለ ተላከው መጥሪያ

ለተስፋ ሣጥን ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የኮሚቴዎን፣ እንዲሁም የማኅተምዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ዓባይ ማዶ የምኖር፣ ድጓ ሳስተምር ያረጀሁ መሪጌታ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መጥሪያዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ደኅና ነበርሁ።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ የከተማው ተማሪዎች ባሕር ዳር ወደፊት ምን እንደምትሆን የጻፉት ወረቀት በብረት ሣጥን ተደርጎ ሐይቁ ዳር ሲቀበር፣ ልጄ ሥርጉት ዐሥር ዓመቷ ነበር። ምን እንደ ጻፈች እንድትነግረኝ ብለምናት፣ ሲከፈት ታየዋለህ ብላ ከለከለችኝ። ዘንድሮ ሣጥኑን ስላስከፈቱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጣናን የሚዞር ባቡር ይመጣል ብሎ የጻፈው ልጅ፣ አሁን ራሰ በራ ሆኖ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ሲስቅ አይቻለሁ። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

፩ኛ. መጥሪያው ወይዘሪት ሥርጉት ቃለ ሕይወት መታወቂያ ይዘው በአካል ይቅረቡ ይላል። ሥርጉት ግን የዛሬ ዐሥራ አራት ዓመት፣ ለማስተማር ወደ ቁንዝላ ስትሄድ ጀልባዋ ሰጥሞ ቀርታለች። እናቷ ሸጊቱ፣ መንግሥት ሳያውቅ አይጽፍም ብላ፣ ቀሚሷን አጥባ አስጥታለች። በስንት ጭንቅ ያስተኛነውን ተስፋ በአንድ ማኅተም ስለ ቀሰቀሱልን እግዜር ይስጥልን።

፪ኛ. ወረቀቱን ለእኔ ስጡኝ ብል፣ ጸሐፊዎ የሞት ምስክር ወረቀት አምጣ አሉኝ። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ደግሞ፣ አስከሬን ስላልተገኘ ሞታለች ማለት አንችልም አሉ። እንግዲህ ልጄ በእናንተ መዝገብ በሕይወት አለች፤ ያላገኘናት እኔና እናቷ ብቻ ነን። ያን ቀን ከቢሮዎ ወጥቼ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ትመጣ እንደሆነ ብዬ ወደ መንገዱ አየሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ እንዲህ አደረጋችሁኝ።

፫ኛ. ባለቤቶቻቸው ያልቀረቡ ወረቀቶች በአዲስ ሣጥን ለሌላ ሃያ አምስት ዓመት ይቀበራሉ ብላችሁ ለጥፋችኋል፤ ማርሽ ባንድም ይኖራል ይባላል። ክቡር ሆይ፣ ልጄ መቃብር የላትም። ከእጇ የወጣ ነገር በምድር ላይ የቀረኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። መቅበራችሁ ካልቀረ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንመጣለን። ፍትሐቱን እኔው እመራለሁ፤ ባንዱ እስክንጨርስ ቢታገሥልን ደስ ይለናል።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ የሚጸልይ፣ በመዝገባችሁ መሠረት የአንዲት ሕያው ልጅ አባት፣

መሪጌታ ቃለ ሕይወት አዘዘ
ዓባይ ማዶ

ማስታወሻ፦ ሁለተኛ መጥሪያ የምትልኩ ከሆነ በእኔ ቤት በኩል አትድከሙ፤ አድራሻዋ ከቁንዝላ ወዲህ፣ ጣና ውስጥ ነው። ፈርማ ከተቀበለቻችሁ፣ የፈረመችበትን ደረሰኝ ለእኔ ስጡኝ፤ የእጅ ጽሑፏ ነውና እርሱም ይበቃኛል።