በበርበሬ እጅ ያልተፈረመው ፊርማ

ማክሰኞ፣ ማርች 4። ረፋድ 10፡20

የፐርሚት ቢሮዋ ሴትዮ ጣት ሰባተኛው ፊርማ ላይ ቆመ። ከዚያ ስምንተኛው። ዘጠነኛው። አሥራ አንደኛው። ቀና ብላ አየችኝና እነዚህን በአንድ እጅ የተጻፉ አራቱን ማን ፈረማቸው አለችኝ። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩ። በቃ፣ እዚያ ላይ ተበላሸ።

አሁን መኪና ውስጥ ነኝ፣ ማስታወሻዬ። የከተማው ፐርሚት፣ ማለትም የፈቃድ፣ ቢሮ ፓርኪንግ። ለማዘጋጀው የብስክሌት ውድድር የእኛ ሰዎች ሱቆች ያሉበትን የፌርፋክስን መንገድ ለመዝጋት ከባለሱቆቹ አብዛኞቹ መፈረም አለባቸው፤ በየራሳቸው እጅ። የቅጹ የመጀመሪያ መስመር ነው። አንብቤዋለሁ። በከተማ ፕላን ማስተርስ አለኝ፣ ማንበብማ እችላለሁ።

ግን የባልትና ሱቋ እትዬ ዘነበች እጃቸው በርበሬ በበርበሬ ነበር። አንቺው ፈርሚልኝ፣ ልጄ አይደለሽ አሉኝ። ሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው። የባለሱቆች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሼ ተፈራም፣ ሽማግሌዎቹን በወረቀት አታስጨንቂ፣ እሺ ካሉሽ ራስሽ ጨርሺው ብለውኝ ነበር። እኛ ዘንድ እሺ ካሉ አለቀ።

ማመልከቻው ታግዷል። ለማጣራት ለአራቱም ይደወላል።

ረቡዕ፣ ማርች 5። ከሥራ መልስ

ተደወለ። ሦስቱ እኛ ነን ያዘዝናት ብለዋል። እትዬ ዘነበች ግን አላውቅም አሉ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዳቦ ቆሎ በኪሴ የሚሞሉልኝ ሴት። አላውቅም።

ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። «አጭበረበረች» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተነሳ። ጋሼ ተፈራን አየኋቸው። የመከሩኝን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሻያቸውን አማሰሉ። አንድ ባለታክሲ፣ የሚያደርስሽ አጥተሽ ከሆነ ብስክሌቱን ተዪው፣ እኔ አለሁ ብሎ ቤቱን አሳቀ። አልሳቅኩም።

ዓርብ፣ ማርች 7። ማምሻ 5፡30

ልጣላ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ሲያዩኝ የያዙትን ከረጢት ሚዛኑ ላይ ለቀቁት።

«ልጄ፣ አሳሰርኩሽ እንዴ?»

ከቢሮው የደወለላቸው ሰው እንግሊዝኛ ፈጥኖባቸው ነው። «ሲቲ» እና «ሲግኔቸር»፣ ከተማና ፊርማ፣ ብቻ ሰሙ። በስደት ዓመታቸው ባልገባቸው ወረቀት ምክንያት ብዙ ያዩ ሰው ናቸው። ደንግጠው አላውቅም አሉ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን።

እንግዲህ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። መንገዱ እሑድ እስከ እኩለ ቀን እንደሚዘጋ አልነገርኳቸውም። «ለብስክሌት ነው» ብቻ ነው ያልኩት። ሱቃቸው የሚሞላው በሳምንት አንዴ፣ ሰው ከቤ/ክ ሲወጣ ነው። ካወቁ እምቢ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እጃቸው ላይ በርበሬውን ሳይ ደስ አለኝ፤ ወረቀቱን አያነቡትማ።

ጥፋቴ ይሄ ነው። ፊርማው ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

እሑድ፣ ማርች 9። ከሰዓት

ቅጹን ወደ አማርኛ መልሼ፣ የሚዘጋበትን ሰዓት በትልቁ ጻፍኩት። አራቱም ጋ ሄድኩ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሰዓቱን ሲያይ እምቢ አለ። መብቱ ነው። ሁለቱ ፈረሙ።

እትዬ ዘነበች እጃቸውን ታጠቡ። መነጽር አደረጉ። ሁለቴ አነበቡት። ቅዳሴ ሳያልቅ መንገዱን ትከፍቺልኛለሽ ወይ አሉ። እከፍታለሁ አልኩ። በጠዋት ጀምሬ ዙሩን እቀንሳለሁ። ያን ጊዜ ፈረሙ፣ ቀስ ብለው፣ ምላሳቸውን ነክሰው። የእሳቸው «ዘ» እኔ ከጻፍኩላቸው ጋር ምንም አይመሳሰልም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አፈርኩ። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ሰኞ፣ ማርች 10። የምሳ ሰዓት፣ ካልቨር ሲቲ፣ የምሠራበት ቢሮ

ጋሼ ተፈራ ደወሉ። በእኔ ስም ደብዳቤ አዘጋጅተዋል። ጥፋቱ የእኔ ብቻ። ውድድሩ ወደ ማኅበሩ ይዛወር። እኔ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ስምሽ እንዳይጠፋ ለአንቺው ብዬ ነው አሉ። ምክሩ የእርስዎ ነበር አልኳቸው። እኔ ፈርሚ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም አሉ። ደብዳቤውን አልፈርምም አልኩ። ሳቁ፣ በአባት ሳቅ።

«ምን ችግር አለ፣ ካልተመቸሽ እኔ ፈርሜልሽ እልከዋለሁ።»

ምግቤ ቀዝቅዟል። አልበላም። እትዬ ዘነበችን ምን እንዳደረግኳቸው አሁን በደንብ ገባኝ። እኔም ያኔ እንዲህ ፈገግ ብዬ ነበር።

ነገ ጠዋት ፐርሚት ቢሮ ያችው ሴትዮ ፊት እቆማለሁ። አራቱን እኔ ነኝ የፈረምኩት እላለሁ። ማን እንደመከረኝም አልደብቅም። አዲሱን ወረቀት፣ የሥጋ ቤቱንም እምቢታ ጭምር፣ አስገባለሁ። ከፈለጉ ፐርሚቱን ይከልክሉኝ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው፣ ልጄ ብሎኝም ቢሆን፣ በእኔ ስም እንዲፈርም አልቀበልም።